አማቴ በዝናብ ስትጮህ

ሰኞ፣ የካቲት 3

ሁለት አምፖል ቀየርኩ። መሰላሉ እንደ እኔው ጉልበቱ ይንቋቋል። ቀጥሎ የአዳራሹ ወንበር ቆጠራ… መቶ ሠላሳ ስምንት። ባለፈው ሳምንት መቶ አርባ ነበር። ሰርገኛ ሙሽራ ይዞ ሲሄድ አውቃለሁ፤ ወንበር ይዞ ሲሄድ ግን…

ከሰዓት አንዲት ሴትዮ መጣች። ከመርማሪ ኮሚሽኑ ነኝ አለች። ሦስት ፋይል እንደ ሕፃን አቅፋለች። ስሟን ነገረችኝ፤ እኔ ግን ሁለተኛውን ፋይል ስትገልጥ ሌላ ስም አውጥቼላት ነበር። ወይዘሮ ዝርዝር። የነሐሴው አደጋ፣ የባቡሩና የአውቶቡሱ፣ በይፋ ሊጣራ ነው። ሕዝብ ባለበት ምስክር ይሰማል። ቦታው የእኛ አዳራሽ። ከየካቲት 17 ጀምሮ ሦስት ቀን፤ በአራተኛው ቀን ደግሞ የባቡር ማቋረጫው ድረስ ሄዶ ማየት።

«የአዳራሹ ኃላፊ እርስዎ ነዎት?»

«ቁልፉ እኔ ጋ ነው። ኃላፊው ቁልፉ ነው።»

አልሳቀችም። ጻፈችው።

ማታ እራት ላይ ለሚስቴ ነገርኳት።

«እና አንተ ነህ የምትደረድርላቸው?»

«ሌላ ማን ይደርድር?»

ዝም አለች። ይቺ ሴት አርባ ስድስት ዓመት ስትናገር ችያታለሁ። ዝም ስትል ነው የማልችላት።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ቀኑን ሙሉ ከወይዘሮ ዝርዝር ጋር። ሰርገኞቹ ጣሪያ ላይ የተዉትን ሪባን አወረድን። አንድ ቀይ ፊኛ ጥግ ላይ ተደብቆ ተገኘ። በመጥረጊያ እጀታ ጎትቼ አወረድኩትና ለማፈንዳት አልደፈርኩም… ዕቃ ቤት ከተትኩት።

ጥያቄዋ አያልቅም። የኮሚሽኑ አባላት መድረክ ላይ ይሁኑ ወይስ ታች? ታች አልኳት፤ ከላይ ሆኖ የሚጠይቅ ሰው ካህን ይመስላል። ማይክሮፎን ስንት? ሦስት፣ አንዱ ግን ሲፈልግ ነው የሚናገረው። መብራት ቢጠፋ? ጄኔሬተር አለ፤ ከመብራቱ በላይ እሱ ይጮሃል። ሦስተኛው መስኮት አጠገብ ድምፅ እንደሚደግም ነገርኳት። ምስክሩን እዚያ ብናስቀምጠው የዋሸውን ራሱ ሁለቴ ይሰማዋል አልኳት። እዚህ ላይ ፈገግ ያለች መሰለኝ።

«ሶፍትስ? በሰርግ ጊዜ ስንት ይበቃል?»

«በሰርግ የምታለቅሰው የሙሽራዋ እናት ብቻ ናት። ለዚህ አሥራ ሁለት ፓኬት ጻፊ።»

ከዚያ የበሩ ነገር መጣ። የሟች ቤተሰቦችና የማቋረጫዋ ጠባቂ መንገድ ላይ መገናኘት የለባቸውም። ሁለት በር አለን፣ ሁለቱም ወደ አንድ ደረጃ ነው የሚያወጡት። «እሷን በዕቃ ቤቱ በኩል እናስገባት» አልኩ። እኔው ነኝ ያልኩት። ቤት ስገባ ነው የከነከነኝ። ሰውን በዕቃ ቤት…

ስለ ማቋረጫው አንድም ነገር አልጠየቀችኝም። እኔም አልነገርኳትም። ሃያ ሁለት ዓመት ያንን አግዳሚ ብረት ሳወርድና ሳነሳ የኖርኩት እኔ መሆኔን። ጡረታ ስወጣ ሥራውን ያስረከብኳት፣ ያስተማርኳት፣ አሁን በዕቃ ቤት የምትገባው ተተኪዬ መሆኗን። የከተማው ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ኮሚሽኑ ግን ከሩቅ የመጣ ነው። ያልተጠየቀ ሰው አልዋሸም። እንዲህ ይባላል? አይባልም። አሁን እኔ ነኝ ያልኩት።

ዓርብ፣ የካቲት 7

ዳቦ ጋጋሪው መጣ። ሚስቱ ከዘጠኙ ሟቾች አንዷ ናት። ከሥራው ቀጥታ ነው የመጣው፤ ቅንድቡ ላይ ዱቄት አለ። ድሮ ቢሆን «ሳታረጅ ሸበትክ» እለው ነበር። አፌን ያዝኩት።

«ጋሼ፣ ወንበር የሚደለድሉት እርስዎ ነዎት አሉኝ።»

«ወንበሩን እኔ፣ ሰውን ኮሚሽኑ።»

«የማቋረጫዋን ጠባቂ ፊት የማይበት ቦታ ይስጡኝ። ጀርባዋን አይደለም። ፊቷን።»

«ምን ያደርግልሃል?»

«ስትዋሽ ማየት እፈልጋለሁ።»

«ባትዋሽስ?»

አሰበ። «እሱንም ማየት እፈልጋለሁ» አለ።

ሁለተኛ ረድፍ፣ ከግራ አራተኛ። ከሄደ በኋላ ራሴ ተቀመጥኩበት። የምስክሩ ወንበር ልክ ፊት ለፊት ነው። የዓይን ሽፋሽፍት ሳይቀር ይታያል።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

ልጻፈው እንግዲህ። ይህን ደብተር ማንም አያነበውም። ሚስቴ ልታነብ ትችል ነበር፣ መነጽሯ ጠፋባት እንጂ። የት እንደጠፋ ደግሞ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ደወሏ። ባቡር ሲቃረብ በሐዲዱ ሥር ባለ ሽቦ አማካይነት ጥበቃ ክፍሉ ውስጥ ትጮሃለች። ሽቦው አርጅቷል። ዝናብ ሲነካው ባቡር ሳይኖርም ትጮሃለች። ብረቱን ታወርዳለህ፣ መኪና ይሰለፋል፣ ባቡር የለም። ሹፌር ሁሉ ከመስኮቱ ብቅ እያለ ዘርህን ይቆጥርልሃል። ለጣቢያው ደብዳቤ ጻፍኩ። «ይታያል» የሚል መልስ መጣ። አልታየም። ሁለተኛ ደብዳቤ መጻፍ ሲገባኝ ቀልድ ፈጠርኩ። ደወሏን «አማቴ» አልኳት።

ሹፌሮቹ ወደዱት። ስድቡ ቀረልኝ። «አማትህ እንዴት አደሩ?» እያሉ ያልፋሉ። ብረቱን ሳላወርድ ጣቢያ ስደውል እነሱም «ጀመሩ እንዴ ሴትዮዋ?» ይሉኛል። «ባቡር የለም፣ ተኛ።» እንዲህ እያልን ሃያ ሁለት ዓመት። አንድ ሰው አልሞተም።

ሥራውን ሳስረክብ ተተኪዬን ምን አልኳት? «በዝናብ ከጮኸች ብረቱን አታውርጂ። መጀመሪያ ጣቢያ ደውለሽ ጠይቂ። ባቡር አለ ካሉሽ ያኔ ታወርጃለሽ።» የደንቡ መጽሐፍ የሚለው ግን ሌላ ነው። ደወል በጮኸ ቁጥር ብረቱ ይውረድ፤ ጥያቄው ከዚያ በኋላ።

ነሐሴ ላይ ዘነበ። ደወሏ ጮኸች። ተተኪዬ ጣቢያ ደወለች። መስመሩ ተይዟል። እንደገና ደወለች። አውቶቡሱ ሐዲዱ ላይ ወጣ…

ይኸው ተጻፈ። ቀለለኝ? አልቀለለኝም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

ፕሮጀክተሩን ሞከርን። የመድረኩን መጋረጃ ዘጋሁ፣ ነጩን ሸራ ወጠርኩ። ወይዘሮ ዝርዝር ማስረጃዎቹን በተራ እያሳየች ከኋላ ወንበር ይነበብ እንደሆነ ትጠይቀኛለች። የሐዲዱ ፎቶ። ይታያል። የአውቶቡሱ… ይታያል አልኩ፣ ሳላይ።

ማስረጃ ቁጥር ዘጠኝ። የጥበቃ ክፍሉ ግድግዳ፣ ከስልኩ በላይ። በሰማያዊ ቀለም፣

ዝናብ የነካት ለት አማቴ ትጮኻለች፣
መልስ ካልሰጠኋት ደክሟት ትተኛለች።

ያቺ እግሯ የተወላገደችው «ጮ» የእኔ ናት። ትምህርት ቤት ሳለሁ ለሷ ብዬ ተገርፌአለሁ። ጡረታ ልወጣ አንድ ሳምንት ሲቀረኝ ነው የጻፍኩት፣ ለመሳቂያ፣ ተተኪዬ እንድታስታውሰኝ።

«ከኋላ ይነበባል?»

«ይነበባል።»

«የሚገርም ነው» አለች፣ «የስንት ሰው ሕይወት በእጇ ይዛ ትቀልዳለች።»

«እሷ ናት የጻፈችው?»

«ማን እንደጻፈው አላውቅም ነው ያለችው። ሌላ ማን ሊሆን ይችላል? ክፍሉ የሷ ነው።»

ሸራውን አጣምሜ ጠቀለልኩት። የሽማግሌ እጅ መሰላት። አገዘችኝ።

ረቡዕ፣ የካቲት 12

ወንበር ቆጠርኩ። መቶ ሠላሳ ስምንት። እንደገና ቆጠርኩ።

ሐሙስ፣ የካቲት 13

ተተኪዬ ቤት ሄድኩ። ከነሐሴ ወዲህ ሦስተኛዬ ነው። ከሥራ አግደዋታል፣ እሷ ግን ዩኒፎርሟን ትተኩሳለች።

«ጋሼ፣ ይሄን ልልበስ ወይስ የራሴን?»

«የራስሽን። በዚህ ከሄድሽ ትኬት ሊጠይቁሽ ይችላሉ።»

ሳቀች። ሳቋ ቶሎ አለቀ።

«ግድግዳው ላይ ያለውን ማን ጻፈው ሲሉሽ ለምን አላውቅም አልሽ?»

ካውያውን አቆመችው። «ታዲያ ምን ልበል? በሰባ አራት ዓመታቸው ጎትታችሁ አምጧቸው ልበል?»

«ሰባ ሦስት።»

«ይቅርታ፣ ለካ ገና ልጅ ነዎት።»

ይህንንም ከእኔ ነው የተማረችው።

ጠበቃዋ የነገራትን ነገረችኝ። ኮሚሽኑ በራሷ ፈቃድ ደንብ ጥሳለች ብሎ ከጻፈ፣ ቀጥሎ ያለው የወንጀል ክስ ነው። ሁለት ልጆች አሏት፤ ትልቋ ዘንድሮ ትምህርት ትጨርሳለች።

«በራስሽ ፈቃድ አይደለም እኮ።»

«ታዲያ በማን? ግጥም ታዝዤ ነው ልበላቸው?»

ካውያው ይተፋል። እንፋሎቱን አየሁት። እዚያው፣ «እኔ እናገራለሁ» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። «ውኃ ቀንሺለት» አልኳት፣ ለካውያው። ይኸው ነው ያልኩት።

ዓርብ፣ የካቲት 14

ሚስቴን አስቀምጬ ነገርኳት። ግጥሙን ጭምር። እስከ ዛሬ ደብቄአት ነበር፤ የእናቷ ጉዳይ ነዋ።

«እናቴን ነው ደወል ያደረግካት?»

«ስም ብቻ ነው። ለቀልድ።»

«እናቴ በዝናብ ብቻ አልነበረም የምትጮኸው።»

«እሱስ ልክ ነሽ።»

የጠረጴዛውን ልብስ ጥግ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች። ከዚያ እንዲህ አለች፤ «ስትጮህ ግን አብዛኛውን ጊዜ እውነቷን ነበር።»

መነጽሯን ከመሳቢያዬ አውጥቼ ሰጠኋት። የት አገኘኸው አላለችም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 15

ለወይዘሮ ዝርዝር ነገርኳት። የስም ካርዶቹን ጠረጴዛ ላይ እየደረደርን ነበር።

«አንድ ካርድ ይጎድላል» አልኳት።

«የማን?»

«የእኔ።»

ቀልድ መሰላት። ደጋግማ አየችኝና እንዳልሆነ ገባት። ቁጭ አለች። ሁሉንም ነገርኳት፤ ደወሏን፣ ደብዳቤውን፣ ያስተማርኩትን፣ የተወላገደችዋን «ጮ» ሳይቀር። አንድም ነገር አልጻፈችም። ለመጀመሪያ ጊዜ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ሰማችኝ።

«አባባ፣ ለምን በመጀመሪያው ቀን አልነገሩኝም?»

«አልጠየቅሽኝም» ልል አፌን ከፈትኩና አፈርኩ።

«ከአሁን በኋላ አዳራሹን ማዘጋጀት አይችሉም። ምስክር ነዎት። ቁልፉን…»

ሰጠኋት። ሦስተኛው ቁልፍ ወደ ላይ ገፋ ካላደረጉት እንደማይከፍት አስረዳኋት። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ነው የነገርኳት። ለቁልፍ።

ሰኞ፣ የካቲት 17

ምስክሮች የሚቆዩት ዕቃ ቤቱ ውስጥ ነው። መስኮት የሌለው። ይህንንም የመረጥኩት እኔ ነኝ። አራት ሰዓት ሙሉ ከዚያ ቀይ ፊኛ ጋር ተፋጠጥን። እሱም ተሟጦ ተሸብሽቧል። አንድ ዕድሜ ላይ ነን።

ተራዬ አልደረሰም። ነገ።

በግድግዳው በኩል ተተኪዬ ስትናገር ሰማሁ። ቃሉ አይለይም፣ ድምፁ ብቻ። አልጮኸችም፤ አላለቀሰችምም። ደጋግማ አንድ ነገር ትላለች። «መስመሩ ተይዟል» ይመስለኛል።

ማክሰኞ፣ የካቲት 18

ተናገርኩ።

ወንበሩ ላይ ስቀመጥ ፊት ለፊቴ ዳቦ ጋጋሪው። ሁለተኛ ረድፍ፣ ከግራ አራተኛ። ዱቄት የለበትም ዛሬ። ፊቴን ያያል።

የኮሚሽኑ ሰብሳቢ ትሑት ሰው ነው። «ጽሑፉን ያንብቡልን» አለኝ። ሸራው ላይ አወጡት። አነበብኩ። ግጥሙን ጨርሼ «ትተኛለች» ስል ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። አጭር፣ እንደ ሳል። ክፋት አልነበረበትም፤ ድሮ የሚያውቀው ሹፌር ይሆናል፣ አመለጠው። ቀልዱ እኮ ጥሩ ነው። ዛሬም ያስቃል። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሲስቅልኝ እንዲህ በርዶኝ አያውቅም።

ዳቦ ጋጋሪው ዓይኑን ከእኔ ላይ አላነሳም።

«ሰው ሊሞት እንደሚችል ያውቁ ነበር?»

«አላውቅም ነበር። ባውቅማ…» አቆምኩ። «አይደለም። ማወቅ ነበረብኝ። የተቀጠርኩት ለዚህ ነው።»

«ጠባቂዋ ከእርስዎ ሌላ ያስተማራት ሰው ነበር?»

«የለም። በእጄ የደንቡን መጽሐፍ ሰጠኋት። በአፌ ደግሞ መጽሐፉን ተይው አልኳት። ሰው የሚሰማው አፍን ነው።»

ጻፉት። ስጨርስ «እናመሰግናለን» አሉኝ። ለምኑ?

ረቡዕ፣ የካቲት 19

የተተኪዬ ጠበቃ ክሱ ላይመጣ ይችላል ብሏል ተብሎ ተወርቷል። ይችላል። ገና የኮሚሽኑ ሪፖርት አለ፤ ሦስት ወር ይፈጃል። ተተኪዬ ከሰዓት ቤት መጣች። ደስ ብሏት የመጣች መስሎኝ ነበር። ወንበር ስስብላት አልተቀመጠችም።

«የኔን ድርሻ ለምን ወሰዱብኝ?»

«ምኑን?»

«ጋዜጣው 'የሽማግሌው ቀልድ' ብሎ ጻፈ። እኔ የለሁበትም። እንደ ሕፃን ልጅ። ስድስት ዓመት ያ መጽሐፍ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። ማንበብ እችላለሁ እኮ፣ ጋሼ። በየክረምቱ ከብረቱ ይልቅ ስልኩን የመረጥኩት እኔ ነኝ።»

«ያስመረጥኩሽ ግን እኔ።»

«እሺ። የእርስዎን ይያዙ። የኔን ይተዉልኝ።»

ሚስቴ ሻይ አቀረበች። ተተኪዬ ተቀመጠች መጨረሻ ላይ። ሻዩን ጠጣን። ለመውጣት ስትነሳ፣

«ነገ ማቋረጫው ላይ አብረን እንቁም?» አለች።

«ከፈለግሽ።»

«ፈልጌ አይደለም። ብቻዬን መቆም ስለማልችል ነው።»

ሐሙስ፣ የካቲት 20

በሁለት አውቶቡስ ሄድን። ወይዘሮ ዝርዝር ቤተሰቦቹን በአንዱ፣ እኛን በሌላው። እኔ ብሆንም እንዲሁ ነበር የማደርገው።

ፀሐይ ነው፤ አንድ ደመና የለም። ባቡሮቹን ለአንድ ሰዓት ጣቢያ አቆይተዋቸዋል። መኪናው ግን እንደወትሮው ይሄዳል፤ ሰብሳቢው ነው እንዲህ ይሁን ያለው። የጥበቃ ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ በሩን ከፍተው ሰዉ ውጭ ከብቦ ቆመ። ዳቦ ጋጋሪው የበሩ ደፍ ላይ፣ ከእኔ አንድ ክንድ ርቀት።

ሰብሳቢው፣ «መጀመሪያ ያስተማሩትን ያሳዩን» አለኝ።

አንድ ቴክኒሻን በባልዲ ውኃ ይዞ ሽቦው ላይ አፈሰሰ። ደወሏ ጥቂት ቆየች። ከዚያ ጮኸች። ሰባት ዓመት ሳልሰማት ቆይቼ… ያው ናት። ከሰዉ አንዲት ሴት ጆሮዋን ያዘች። እኔ ስልኩን አነሳሁ። ጣቢያውን ደወልኩ። መስመሩ ተይዟል። ዘጋሁ፣ እንደገና ደወልኩ። ይህን ሳደርግ ጀርባዬ ወደ መንገዱ ነው። ስልኩ የተሰቀለው እንደዚያ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት አላስተዋልኩትም። ሦስተኛ ስደውል አነሱ፤ «ባቡር የለም።» ዞር አልኩ።

«ስንት መኪና አለፈ?» አለ ሰብሳቢው።

አላየሁም። ተተኪዬ ናት የመለሰችው። «አምስት። አንዱ የተማሪዎች ነው።»

ሰብሳቢው ቁጥሩን ጻፈው።

ቴክኒሻኑ ሁለተኛ ባልዲ አመጣ። «አሁን ደንቡ እንደሚለው» አለ ሰብሳቢው። ደወሏ እንደገና ጮኸች። ተተኪዬ ወደ ስልኩ ዞር ሳትል በሁለት እጇ መዘውሩን ያዘች። ብረቱ ወረደ። መኪኖቹ ቆሙ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ ረጅም ሰልፍ። አንድ ሹፌር መስኮቱን ዝቅ አድርጎ አንገቱን አወጣ፣ ሰዉን አየና መለሰው። ደወሏ ትጮሃለች። ሐዲዱ ባዶ ነው፣ በሁለቱም በኩል፣ ዓይን እስከሚደርስበት። ቆምን። ቆምን። ሽቦው በፀሐዩ ደረቀ መሰለኝ፤ ድምፅዋ ተቆራረጠና ጸጥ አለች። ጣቢያ ተደወለ፤ ባቡር የለም አሉ። ተተኪዬ ብረቱን አነሳችው።

ዳቦ ጋጋሪው የእጅ ሰዓቱን አየ።

«አራት ደቂቃ» አለ።

ለእኔ ይሁን ለራሱ አላወቅኩም። መኪኖቹ አንድ በአንድ ሐዲዱን ተሻግረው እስኪያልቁ እሱ፣ ተተኪዬና እኔ እዚያው ደጃፉ ላይ ቆመን አየናቸው።